«ያላደገችው ልጅ»፤ የአንዲት እናት መጽሐፍና የወላጆች ሁሉ ጥያቄ

ስለ አንድ መጽሐፍ ትችት የሚጽፍ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ለራሱ ሊያቀርበው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህ መጽሐፍ ባይጻፍ ኖሮ ምን ይጎድል ነበር?» የሚል ነው። ብዙ መጻሕፍት ይህን ጥያቄ ሊመልሱ አይችሉም። ቃላቸው ያማረ፥ ታሪካቸውም የሚጥም ቢሆን፥ እነርሱ ባይጻፉ ሌላ መጽሐፍ ቦታቸውን ይይዝ ነበር። ጥቂቶች ግን ከእነርሱ በፊት በአደባባይ ለመናገር የሚደፍረው ሰው እምብዛም ያልነበረውን ነገር ስለ ተናገሩ፥ ባይጻፉ ኖሮ ብዙ ሰው ኀዘኑን ለብቻው ታቅፎ በቀረ ነበር። አሜሪካዊቱ ደራሲ ፐርል በክ በ1950 ያሳተመችው «ያላደገችው ልጅ» የተባለው አጭር መጽሐፍ ከእነዚህ ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ከወዲሁ እንዲረዳልኝ አሳስባለሁ።

የመጽሐፉ ጉዳይ ከማንም ቤት የራቀ አይደለም። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» እንደሚባለው፥ ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት ፈጣኑም ቀርፋፋውም፥ ጤነኛውም በሽተኛውም ይወለዳል። ይህን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ማወቅ ሌላ፥ በገዛ ቤት ሲደርስ መቀበል ሌላ ነው። ልጁ በጊዜው አልናገር ሲል፥ በትምህርት ቤት ጓደኞቹ ቀድመውት ሲያልፉ፥ ወይም ሕመም ሲደጋግመው፥ የወላጅ ልብ በሦስት ነገሮች ይወጠራል፤ በተስፋ፥ በእፍረትና «እኔ ስሞት ማን ያየዋል?» በሚል ሥጋት። የፐርል በክ መጽሐፍ ዋጋ እነዚህን ሦስቱን አንድ በአንድ አውጥቶ ለብርሃን ማሳየቱ ነው። ጉድለቱም፥ ከዚህ በታች እንደማስረዳው፥ ለሦስተኛው ጥያቄ የሰጠው መልስ ለጥቂቶች ብቻ የሚበቃ መሆኑ ነው።

ስለ ደራሲዋ ሕይወት ጥቂት ማስታወስ ያስፈልጋል። ፐርል በክ በ1892 በዌስት ቨርጂኒያ ተወለደች፤ ወላጆቿ ሚሲዮናውያን ስለ ነበሩ ግን ያደገችው በቻይና አገር ነው። በእርሻ ጥናት የተማረ አሜሪካዊ አግብታ በዚያው በቻይና ስትኖር፥ በ1920 ሴት ልጅ ወለደች። በ1931 «መልካሚቱ ምድር» የተባለውን ልብ ወለድ ታሪክ አሳተመች፤ በማግሥቱ ዓመት የፑሊትዘርን ሽልማት፥ በ1938 ደግሞ የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀበለች። በሥነ ጽሑፍ ይህን ክብር ካገኙት አሜሪካውያት ሴቶች የመጀመሪያይቱ እርሷ ናት። በዚህ ሁሉ የዝና ዘመን ግን በኒው ጀርሲ፥ ቫይንላንድ በተባለ ስፍራ በሚገኝ ልዩ ትምህርት ቤት የምትኖር፥ እንደ እኩዮቿ መናገርና መማር ያልቻለች ልጅ እንዳለቻት ለአንባቢዎቿ አልገለጸችም። ምሥጢሩን የገለጸችው በ1950 በአንድ የሴቶች መጽሔት ባወጣችው ጽሑፍ ሲሆን፥ ጽሑፉ በዚያው ዓመት መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ልጂቱ ያን ጊዜ የ30 ዓመት ሴት ነበረች።

መጽሐፉ ታሪኩን ሳያወሳስብ ይተርካል። ልጂቱ ስትወለድ መልኳ ያማረ፥ ዓይኖቿም ብሩህ ነበሩ። ሦስት ዓመት ሞልቷት አልናገር ስትል እናቲቱ መጠራጠር ጀመረች፤ ወዳጆቿ ግን «አንዳንድ ልጅ ይዘገያል» እያሉ ያጽናኗት ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ወላጅ የሚያውቀው ጉዞ ይጀመራል፤ ከአንድ ሐኪም ወደ ሌላ ሐኪም፥ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር። እያንዳንዱ ሐኪም ጥቂት ተስፋ ይሰጣል፤ ተስፋውም ገንዘብንና ጉልበትን እየበላ ወደሚቀጥለው ደጃፍ ይነዳል። በመጨረሻ በሚኒሶታ በሚገኘው በታላቁ የሜዮ ሐኪም ቤት አንዱ ሐኪም እንደ ተለመደው በለሰለሰ ቃል አሰናበታት። ከክፍሉ ስትወጣ ግን በመተላለፊያው ላይ አንድ ሌላ ሐኪም ወደ ባዶ ክፍል ጠርቶ ልጂቱ ከቶ እንደ ሌሎቹ ልትሆን እንደማትችል፥ ስለዚህም ሕይወቷን በከንቱ ፍለጋ እንዳትጨርስ በግልጽ ነገራት።

ይህ ትርኢት ከመጽሐፉ እጅግ የሚደነቀው ክፍል ነው። ደራሲዋ ያንን ሐኪም ልትረግመው ስትችል ታመሰግነዋለች። ቁስሉን በጥልቀት ቢቆርጠውም፥ አቆራረጡ ንጹሕ እንደ ነበረ ትመሰክራለች። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ደራሲዋ እውነት መልካም ነው ብላ አትሰብክም፤ እውነቱ በተነገራት ጊዜ የደረሰባትን ብቻ ትነግረናለች፤ ፍርዱንም ለእኛ ትተዋለች። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ በቀጥታ አይነገርም፤ መርዶ እንኳ በሽማግሌ፥ በማለዳ፥ በዘዴ ነው። ልማዱ ከርኅራኄ የመጣ ስለ ሆነ አልነቅፈውም። ነገር ግን ልጅ የታመመበትን ወላጅ ለዓመታት በ«ይሻለዋል» ማቆየት ርኅራኄ ሊባል አይችልም። መርዶ ነጋሪ ሽማግሌዎች ዘዴ ይፈልጋሉ እንጂ እውነቱን ለሚቀጥለው ዓመት አያሳድሩትም።

ሁለተኛው ታላቅ ክፍል ስለ ትምህርት የተጻፈው ነው። እናቲቱ ልጅዋን ራሷ ለማስተማር ቆርጣ ተነሣች። በብዙ ድካም ማንበብና መጻፍን ጥቂት በጥቂት ታለማምዳት ጀመር። አንድ ቀን ግን እርሳስ የያዘችውን የልጂቱን እጅ ስትነካ መዳፉ በላብ ርሶ አገኘችው። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባት፤ ልጂቱ ከምትማረው ነገር አንዱንም አልተረዳችም፤ በሙሉ ኃይሏ የምትጣጣረው እናቷን ደስ ለማሰኘት ብቻ ነበር። እናቲቱ መጽሐፎቹን አንሥታ አስቀመጠች። በዚህ ክፍል ውስጥ ከአንዲት ርጥብ መዳፍ በቀር የተጋነነ ምሳሌ የለም፤ ሆኖም ስለ ልጆች አስተዳደግ ከተጻፉ ብዙ ወፍራም መጻሕፍት ይልቅ ብዙ ያስተምራል።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥቂት ብናገር አንባቢ እንደማይታዘበኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን መጽሐፍ ያነበብሁት ለሥነ ጽሑፍ ፍቅር ብቻ ብዬ አይደለም። የመጨረሻው ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የሚጥል በሽታ አለበት፤ በየዕለቱ ጧትና ማታ ኪኒን ይውጣል። ፊደልን ዛሬ የለየ መስሎ ነገ ይረሳዋል፤ ስለዚህ አንደኛ ክፍልን ሁለተኛ ጊዜ ይማራል። ከዘመድ መካከል በእንግዳ ፊት እንዳይወጣ የመከሩን አሉ፤ ኪኒኑን ጥላችሁ ሌላ ነገር ሞክሩ ያሉንም አልጠፉ። ባለቤቴና እኔ ምክሩን ሁሉ በአክብሮት ሰምተን፥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኪኒኑን ማቋረጥ ለሕይወቱ እንደሚያሠጋ ስለ ተነገረን፥ በዚያው ጸንተናል። ፐርል በክ ስለ ልጂቱ መዳፍ የጻፈችውን ካነበብሁ ወዲህ ግን አንድ ልማድ አመጣሁ፤ ልጄን ሀ ሁ ሳስቆጥረው ከአፉ በፊት የማየው እጁን ነው። እጁ ሲያልበው ፊደሉን አስቀምጠን እንወጣለን። አንድ መጽሐፍ ይህን ያህል ወደ ቤት ሊገባ ከቻለ፥ ከሞላ ጎደል ሥራውን ሠርቷል ለማለት እደፍራለሁ።

አሁን ወደ ትችቱ እንመለስ። ይህን መጽሐፍ በሚገባ ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ከ«መልካሚቱ ምድር» ጋር አስተያይቶ ማንበብ ይገባዋል። በዚያ ልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ ዋንግ ሉንግ የተባለው ገበሬ አንዲት ሴት ልጅ አለችው። ልጂቱ አትናገርም፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ቁራጭ ጨርቅ እያጠማዘዘች ፈገግ ትላለች። አባቷ በራብ ዘመን ሕፃን ሳለች በቂ ምግብ ስላላገኘች ይሆናል እያለ ይጸጸታል። ችግር በጸናበት ጊዜ ልትሸጥ ትችል ነበር፤ እርሱ ግን ጨክኖ አልሸጣትም። ሀብታም ከሆነም በኋላ ወንዶች ልጆቹ ሲያስጨንቁት ከእርሷ አጠገብ ሄዶ ይቀመጣል። አባት ልጁን የሚጠራበት ቃል በእንግሊዝኛው «ምስኪን ጅል» እንደ ማለት ነው። ቃሉን እንዲሁ ብንተረጕመው ስድብ ይመስላል፤ የእኛ አገር አባት ግን በዚያው ስሜት «የኔ ሞኝ» ሊል ይችላል፤ ስድቡም በፍቅሩ ውስጥ ይሟሟል።

የዚህ ታሪክ ፍጻሜ ግን ያስደነግጣል። ዋንግ ሉንግ ሲያረጅ ወጣት ዕቁባቱን ጠርቶ መርዝ ይሰጣትና፥ እርሱ በሞተ ጊዜ በልጂቱ ምግብ ውስጥ እንድትጨምረው ያዝዛታል። ልጁን የሚጠላ አባት ሆኖ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ የሚያበላት፥ ከዝናብና ከብርድ የሚያስገባት ሰው እንደሌለ ስላመነ ነው። ወጣቲቱ ግን ነፍስ ለማጥፋት እንደማትችል ነግራ፥ ልጂቱን ራሷ ልትጠብቃት ቃል ትገባለች። አንባቢ ልብ ይበል፤ ደራሲዋ ይህን የጻፈችው ልጅዋን በ1929 ወደ ቫይንላንድ ካስገባች ብዙም ሳይቆይ ነው። በገሃድ ልትናገረው ያልቻለችውን «እኔ ስሞት ማን ያየዋል?» የሚል ጥያቄ በቻይናዊ ገበሬ አፍ ተናገረችው። ስለዚህ ልብ ወለዱ ከእውነተኛው ታሪክ 19 ዓመት ቀድሞ እውነቱን ተናግሯል ማለት ነው። እንዲያውም በአንድ ነገር ልብ ወለዱ ይበልጣል፤ የወላጅ ፍቅር ከፍርሃት ጋር ሲጋባ ወደ ምን ሊደርስ እንደሚችል ሳይሸሽግ አሳይቷልና።

«ያላደገችው ልጅ» ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ልዩ ትምህርት ቤት ነው። ደራሲዋ ብዙ ስፍራ ተዘዋውራ ተመልክታ፥ ልጆቹ ደስ ብሏቸው በሚኖሩበትና አስተዳዳሪው ከትምህርት አስቀድሞ ደስታቸውን በሚያስብበት ስፍራ ልጅዋን ትታ ተለየች። የመለያየቱ ገጽ አንባቢን ያስለቅሳል። ክፍያውን ለመቻል ገንዘብ ተበደረች፤ ጽሕፈትን እንደ እንጀራ ሥራ የያዘችበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ክፍያ ነው። ዓለም የሚያደንቃቸው መጻሕፍት ከልጅ ቀለብ ጭንቀት መወለዳቸው የሚያስገርም ነው።

ነገር ግን ትችት ምስጋና ብቻ አይደለም። በእኔ አስተያየት መጽሐፉ ሦስት ጉድለቶች አሉት።

አንደኛው፥ አባት የለበትም። ባል እንደ ነበረ ይታወቃል፤ በታሪኩ ውስጥ ግን ድምፁ አይሰማም። ደራሲዋና ባሏ በኋላ ተፋትተዋልና የቤት ምሥጢር ለመጠበቅ ብላ ይሆናል። ሆኖም ጕዳዩ የሁለት ወላጆች ሲሆን በአንዷ ትከሻ ላይ ብቻ የቀረ እንዲመስል አድርጎታል። በብዙ ቤት የሚታየውም ይኸው ነው፤ ልጁ ደኅና ሲሆን «የአባቱ ልጅ»፥ ችግር ሲኖርበት ደግሞ «የእናቱ ዕዳ» ይባላል። ይህን ጉድለት የሚሞላ ሌላ መጽሐፍ አለ። ጃፓናዊው ደራሲ ኬንዛቡሮ ኦዌ፥ በ1963 የተወለደ ወንድ ልጁ በራስ ቅሉ ላይ ጉዳት ስለ ነበረበት፥ በማግሥቱ በ1964 «የግል ጉዳይ» የተባለ ልብ ወለድ ጻፈ። «ወፍ» እየተባለ የሚጠራው ወጣት አባት ከታመመ ልጁ ለመሸሽ ይፈልጋል፤ የሕፃኑንም ሞት እስከ መመኘት ይደርሳል። የሚሸሽበት አገር ደግሞ አፍሪካ ነው፤ የአፍሪካን ካርታ ገዝቶ ሲያልመው ይኖራል። ለእርሱ አፍሪካ ልጅ የማያለቅስባት ምድር ናት። እኛ አፍሪካውያን ግን ወዴት እንሸሻለን? ልጆቻችንን የምናሳድገው እዚሁ ነው። ወጣቱ በመጨረሻ ሽሽቱን ትቶ ልጁን ለማሳደግ ይመለሳል። የኦዌ መጽሐፍ ምሬቱ የበዛ፥ ቃሉም ለሁሉ አንባቢ የማይስማማ ቢሆን፥ የአባትን ክፉ ሐሳብ ያለ ይሉኝታ በመግለጡ ፐርል በክ ያልደረሰችበት ስፍራ ደርሷል። ልጁ አድጎ የሙዚቃ ደራሲ ሆነ፤ አባቱም በ1994 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

ሁለተኛው ጉድለት በመጽሐፉ ስም ላይ ይገኛል። ልጂቱ በመጽሐፉ ውስጥ በስሟ አትጠራም፤ «ልጂቱ» ብቻ ናት። ስሟ ካሮል ይባል ነበር። ደራሲዋ ልጅዋን ከወሬ ልትከልላት እንደ ፈለገች አይጠረጠርም። ነገር ግን «ያላደገችው» ማለት ሙሉ እውነት ነውን? ካሮል እስከ 72 ዓመቷ ኖራ በ1992 አረፈች፤ እናቷ ካረፈች 19 ዓመት አልፎ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ራሱ ልጂቱ ሙዚቃ እንደምትወድ፥ የምትወደውንና የማትወደውንም እንደምትለይ ተጽፏል። የራሷ ደስታና የራሷ ምርጫ ያላት ሰው አላደገችም ማለት፥ ዕድገትን በፊደልና በሒሳብ ብቻ መለካት ነው። ስሙ የእናቲቱን ኀዘን ይገልጻል እንጂ የልጂቱን ሕይወት አይገልጽም።

ሦስተኛውና ዋነኛው ጉድለት መልሱ የባለጠጋ መልስ መሆኑ ነው። ደራሲዋ ወላጆች ሁሉ እንዲህ ያለ ስፍራ እንዲፈልጉ ትመክራለች። ክፍያውን መክፈል የማይችል ገበሬ ወይም የወር ደመወዝተኛ ምን ያድርግ? ከዚህም በላይ ልዩ ተቋም ሁሉ መልካም አልነበረም። ቫይንላንድ ራሱ ሁለት ታሪክ አለው። ከ1906 እስከ 1918 በዚያ የምርምር ኃላፊ የነበረው ሄንሪ ጎዳርድ በ1912 ባሳተመው መጽሐፍ የአእምሮ ድካምን ከቤተ ሰብ ዘርና ከምግባር ብልሹነት ጋር አያይዞ ጽፎ ነበር። መጽሐፉ ያን ጊዜ ብዙ ሰው አሳስቷል፤ በኋላ ግን የሳይንስ መሠረት እንደሌለው ታውቋል። ወላጆች ልጆቻቸውን የደበቁት እንዲህ ያለ ነቀፋ በዙሪያቸው ስለ ነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ የዓለም አሳብ ተለውጧል። አሜሪካ በ1975 ባወጣችው ሕግ እንዲህ ያሉ ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት የመማር መብት እንዲኖራቸው ደነገገች፤ በ1994 በስፔን አገር በሳላማንካ የተሰበሰቡ መንግሥታትም ልጆች ሁሉ በአንድ ትምህርት ቤት አብረው የሚማሩበትን መንገድ እንዲከተሉ ተስማሙ። አገራችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2010 አጽድቃለች።

ከዚህ ጋር አብሮ ሊነገር የሚገባው፥ ደራሲዋ መጽሐፉን ስትጽፍ የማታውቀው ነገር ነው። የልጅዋ ሕመም ፌኒልኬቶኑሪያ የተባለው መሆኑ የታወቀው መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ነው። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ሰውነቱ በሥጋ፥ በወተት፥ በእንቁላልና በእህል ውስጥ የሚገኘውን ፌኒልአላኒን የተባለ ንጥረ ነገር ሊፈጨው አይችልም፤ ንጥረ ነገሩም በደም ውስጥ እየተከማቸ ሕፃኑን አእምሮ ይጎዳል። እናቲቱ በፍቅር የምታጎርሳት ምግብ ሳታውቀው ይጎዳት ነበር ማለት ነው። ሕመሙ የሚወረሰው ከሁለቱም ወላጆች ነው፤ እነርሱ ራሳቸው ጤነኞች ናቸው፤ በማንኛቸውም ላይ ጥፋት አይገኝም። ሁለቱም ሕመሙን በስውር የሚያስተላልፉ ከሆኑ በእያንዳንዱ ልጅ ላይ የመድረሱ ዕድል ከአራት አንድ ነው።

ሕመሙ የተገኘበት ታሪክ ራሱ የወላጅ ታሪክ ነው። አንዲት ኖርዌጂያዊት እናት ሁለት ልጆቿ አእምሯቸው አላድግ ብሎ፥ ሽንታቸውም ልዩ ሽታ ስለ ነበረው፥ ሐኪም ሁሉ «ምንም አይደለም» ቢላት አልቀበልም ብላ ስትጠይቅ ቆየች። በ1934 አስቢዮርን ፎሊንግ የተባለው ሐኪም የልጆቹን ሽንት መርምሮ የሕመሙን ምክንያት አገኘ። በ1953 ሆርስት ቢክል የተባለ ሐኪምና ጓደኞቹ ልዩ ምግብ ሕመሙን እንደሚያስታግስ አስታወቁ። ከዚያም ሮበርት ጋትሪ፥ እርሱ ራሱ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ አባት፥ ከሕፃኑ ተረከዝ በሚወሰድ ጥቂት የደም ጠብታ ሕመሙ የሚታወቅበትን መንገድ አገኘ፤ በ1963 የማሳቹሴትስ ክፍለ አገር ምርመራው ለሚወለዱ ሕፃናት ሁሉ እንዲደረግ በሕግ አዘዘ። ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከታወቀና ምግቡ ከተጠበቀ፥ ልጁ እንደ እኩዮቹ ሊያድግ ይችላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህ እጅግ ይስማማል። መድኃኒቱ የተገኘው ዝም ባላለች እናትና ባልታከተ አባት ነው።

በአገራችንም ዝም ያላሉ ወላጆች ተነሥተዋል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ወንድ ልጃቸውን ለማስተማር ቦታ ቢያጡ፥ በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ኦቲዝም እርግማን እንዳልሆነ፥ ልጆቹም ከጓዳ መውጣት እንዳለባቸው በየአደባባዩ ሲናገሩ ኖረዋል። ከፐርል በክ መልስ የእርሳቸው መልስ በአንድ ነገር ይለያል፤ እርሳቸው ለልጃቸው የሚሆነውን ስፍራ ለሌሎች ልጆችም ከፈቱ። ፐርል በክም በ1949 በዘራቸው ምክንያት ተቀባይ ላጡ ልጆች የጉዲፈቻ ድርጅት ማቋቋሟ መዘንጋት የለበትም። ነገር ግን አንድ ማዕከል፥ መሥራቹ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን፥ ለሰፊ አገር አይበቃም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ዋንግ ሉንግ መርዙን የያዘው ሸክሙን የሚያካፍለው ሰው ያለ ስላልመሰለው ነው።

ለመምህራን የሚሆነው ትምህርት ከዚህ ይገኛል። በክፍል ውስጥ ካሉት ተማሪዎች መካከል ፊደል የማይለየው፥ ቶሎ የሚረሳው፥ በድንገት የሚወድቀው ልጅ ሰነፍ ወይም ግትር ነው ተብሎ ወደ ኋላ ወንበር ከመላኩ በፊት፥ መምህሩ አንድ ጊዜ እጁን ቢመለከት መልካም ነው። ምናልባት ከሁሉ ይልቅ የሚደክመው እርሱ ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ የምንገኝ ሠራተኞችም ባልንጀራችን ልጁን ለማሳከም ፈቃድ ሲጠይቅ፥ ምክንያቱን ለመናገር አፍሮ «የግል ጉዳይ» ብሎ ሲጽፍ፥ ከዚያ ከሁለት ቃላት በስተጀርባ ምን እንዳለ ማሰብ ይገባናል።

በጠቅላላው «ያላደገችው ልጅ» ያረጀ ምክርና ያላረጀ እውነት የያዘ መጽሐፍ ነው። ምክሩ፥ ማለትም ልጅን ወደ ተቋም መስጠት፥ ዛሬ ለሁሉ የሚመከር አይደለም። እውነቱ ግን፥ ማለትም ኀዘንን ሳይደብቁ መሸከም፥ ልጅንም በሚችለው እንጂ በማይችለው አለመለካት፥ አላረጀም። ስለዚህ መጽሐፉ ወደ አማርኛ ቢመለስ ለወላጆችም ለመምህራንም ታላቅ ጥቅም ይሰጣል የሚል እምነት አለኝ። የሚተረጕመው ሰው ግን ሁለት ነገር እንዲያደርግ አደራ እላለሁ፤ አንደኛ፥ ስለ ሕመሙ ከዚያ ወዲህ የታወቀውን በመቅድሙ ያስረዳ፤ ሁለተኛ፥ በ1950 ይሠራባቸው የነበሩትን ቃላት ሲተረጕም፥ አባት ለልጁ በፍቅር ከሚናገረው ቃልና መንገደኛ በንቀት ከሚወረውረው ቃል መካከል ያለውን ልዩነት ይጠብቅ። ልጁ ሁለቱንም ይሰማልና።